ከኮርኒሴ በላይ

ፖርቶ ላይ፣ ከወንዙ ሽቅብ በሚወጣ ጠባብ መንገድ ዳር፣
እርጥበት የበላው፣ ሰማያዊ ሸክላ የለበሰ ቤት ነበር።
ነበር ማለቴ ልማድ ነው፤ አሁንም አለ፣ እኔም አለሁበት፣
ሁለተኛ ፎቅ ላይ። ሦስተኛው የኦዴትና የውሻዋ ቤት።

ንጋት አስራ አንድ ሰዓት ላይ በሩን ዘግታ ስትወርድ፣
ነጭ ቦቲዋን አድርጋ ወደ ሰርዲን ማሸጊያው ስትነጉድ፣
ያ እንስሳ ይጀምራል። መጀመሪያ እንደ ማንቆርቆሪያ ሲያፏጭ፣
ቀጥሎ በጥፍሩ በሩን፣ ቀጥሎ ጩኸቱን እስከ ውጭ።

ሠላሳ አንድ ዓመት ትራም የነዳሁ ሰው ነኝ፣
እንቅልፍ እንደ ጡረታዬ ከወር ወር የማይበቃኝ፤
በመጥረጊያ እጀታ ኮርኒሱን ደበደብኩ፣
ወረቀት ጽፌ በበሯ ስር አሾለኩ፦
«እመቤት፣ ወይ ውሻው ይታረም፣ ወይ ለአከራይ እናገራለሁ።»
በማግስቱ መጣች። እጇ ዓሣ ዓሣ ይሸት ነበር፤ አስታውሳለሁ።

«ይቁጠሩልኝ» አለች እንጂ «ይቅርታ» አላለችም፤
«ስንት ደቂቃ ያለቅሳል? እኔ ሄጃለሁ፣ አልሰማም።
ነዳጅ ማደያ አጥር ላይ ነው ታስሮ ያገኘሁት፣
ገመዱን አኝኮ ሊጨርስ ሲል ነው የደረስኩት።
የሄደ ሰው ይመለሳል የሚባል ነገር አያውቅም፤
ማን አሳይቶት ያውቃል? እስካሳየው አልፈርድበትም።»

ቆጠርኩ፤ ምን ላድርግ። አርባ ሰባት ደቂቃ።
ስነግራት ደረጃው ላይ ቁጭ አለች፣ ሳታለቅስ፣ ደርቃ።

ከዚያ ሳምንት ጀምሮ ሌላ ድምፅ ሆነ ከላይ፦
ቁልፍ ይነሳል፣ መልሶ ይቀመጣል ጠረጴዛው ላይ።
ጫማ ይደረጋል፤ ተደርጎም ሾርባ ይማሰልበታል።
ካፖርት ይለበሳል፤ ተለብሶም ሶፋ ላይ ይተኛበታል።
እስኪሰለቸው ድረስ። ቁልፉ የስንብት ደወል መሆኑ ቀርቶ፣
ተራ ብረት እስኪሆን ድረስ፣ ከትርጉሙ ተፋቶ።

ቀጥሎ በሩ። ተከፍቶ መዘጋት። አንድ ሰኮንድ።
ስትመለስም እልል አትልም፤ መውጣት መግባት ተራ ልማድ።
ሁለት። አምስት። አስር። ደግሞ ወደ አራት ትወርዳለች፣ እንዳይነቃባት፣
እያከበዱ ብቻ መሄድ ያስበረግገዋል ብሎ ሐኪሙ ነግሯት።
እኔም ከታች፣ ዳቦና ቢላዋ እንደያዝኩ፣ አብሬ እቆጥራለሁ፤
አስራ ስምንት ላይ ሲያቃስት «ኧረ ግቢ፣ ሴትዮ!» እላለሁ።

ሠላሳ ሰኮንድ የደረሰች ቀን ዝናብ ነበር።
ሁለት ደቂቃ ስትደርስም ዝናብ፤ ፖርቶ ነው፣ ምን ይነገር።

በስድስተኛው ሳምንት ተበላሸ። ፋብሪካው በድንገት ጠራት፣
ቦሎታ (ስሙ ነው፣ የዛፍ ፍሬ ማለት) የበሩን ጉበን ቦጨቀላት።
ድዱ ደምቶ ነበር። ሳትቆጣው ወለሉን ወለወለች፣
«ከአንድ ሰኮንድ» አለች።

የዚያን ቀን ነው መጥረጊያዬን ወደ ቁም ሳጥን የመለስኩት፣
ትርፍ ቁልፏንም የጠየቅኩት።
ስትወጣ ጋዜጣ ይዤ እገባለሁ፤ አላባብለውም፣ አልነካውም፣
የሙታን ማስታወቂያ አነብለታለሁ፤ እሱም ቅር አይለውም።

ትራም ነጂ ያውቀዋል፦ ከአደባባዩ የወጣ
ሐዲዱ ያው ነው፣ ዞሮ ዞሮ ወደ አደባባዩ መጣ።
ይህን ግን ለውሻ እንዴት ትነግረዋለህ? አትነግረውም።
ትወጣለህ፣ ትገባለህ። ትወጣለህ፣ ትገባለህ። ሌላ ቃል የለውም።

ትናንት ብቻውን ቀረ። ሰባት ሰዓት ሙሉ። እኔ ታች ነኝ፤
ጆሮዬን ኮርኒሱ ላይ ተክዬ፣ ዝምታው ነው የረበሸኝ።
አንዴ ሲገላበጥ ሰማሁ። አንዴ ውሃ ሲልስ። ከዚያ ምንም።
የሌለ ጩኸት እያዳመጥኩ ዳቦ መግዛትም ረሳሁ፣
መጥረጊያውን ከቁም ሳጥን አወጣሁ፣ ቀስ ብዬ አነሳሁ፤
አንዴ ልነካው፣ «አለህ ወይ?» ልለው፣ በእጀታው፣ በዝግታ።
ቢነቃስ?
መለስኩት። ካፖርቴን ለበስኩ። በሬ ላይ ቆምኩ ለአፍታ፣
ቁልፌ እጄ ውስጥ ሲንሿሿ።

ዳቦ ቤቱ ድረስ አራት ደቂቃ ነው መንገዱ፤
አንድ፣ ሁለት እያልኩ ወረድኩ፣ ሰው ሳያየኝ።
ስመለስ እልል ያለ የለም። ደግ ነው፤ ያው እንደ ልማዱ።